ሦስተኛው ስም

«ቤታችሁ ለቅሶ አለ?»

የመቅደሱ ጠባቂ አባባ ኢሶቤ፣ ተራራው ላይ ካለው የእንጨት በር አጠገብ ተቀምጠው፣ ውሃ ሊቀዳ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቁት። «የለም» ያለ በበሩ ሥር አልፎ ይገባል። «አለ» ያለ ይመለሳል፤ ሰው የሞተበት ቤት እስከ አምሳ ቀን ድረስ በዚያ በር አያልፍም። ሌላው ሰው መልሱን ለማግኘት ማሰብ አያስፈልገውም። እኔ አርባ አንድ ቀን ሙሉ አስቤበት አላገኘሁትም ነበር።

ወንድሜ ሹንፔይ ከጠፋ አርባ አንድ ቀኑ ነበር። የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ ሲል ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት «የቦዩን በር አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። እዚህ ዝናብ በበረታ ቁጥር ሬዲዮው «እባካችሁ ማሳችሁን ለማየት አትውጡ» እያለ ይለምናል። በየዓመቱም አንድ ሰው ማሳውን ለማየት ይወጣል። በዚያ ሳምንት የቦዩን በር የመክፈትና የመዝጋት ተራ የእኛ ቤት ስለነበር፣ ቤቱ መቀመጥ አሳፍሮት ይሆናል። አንድ ቦቲው ከድልድዩ በታች ድንጋይ መሐል ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልተገኘም።

ዝናቡም እሱን ይዞ እንደሄደ ሁሉ ጠፋ። አርባ ቀን ጠብ አላለም። ሩዙ እሸት ሊይዝ ደርሶ ማሳው ተሰነጣጠቀ።

እኔ ሆላንድ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት፣ መጀመሪያ ለትምህርት፣ ከዚያ ለሥራ። የተማርኩት ወንዝ የተሸከመውን አሸዋና ጠጠር የት እንደሚያራግፍ ነው። አገሬ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በቀደድኩት ወረቀት ጀርባ ላይ የወንዙን ፍጥነት፣ ቦቲው የተገኘበትን ቦታ፣ የሹንፔይን ክብደት ጽፌ አሰላሁ። መልሱ ወጣልኝ፤ ከመንደራችን አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በታች ያለው የግድብ ሐይቅ፣ ደለሉ ሥር። ወረቀቱን አጥፌ ፓስፖርቴ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አላሳየሁም። አላለቀስኩምም። ሰው ሲያለቅስ ስሰማ ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ቴሩዮ፣ ሬሳ ያልገባበት ቤት ለቅሶ የለውም ብላ ቆርጣለች። በቀን ሦስት ጊዜ ለሹንፔይ ገበታ ታቀርባለች፤ ሩዝ፣ ከአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ ሚሶ ሾርባ፣ አንድ ጨዋማ ፕሪም። ድሮ መንገድ ለወጣ ሰው ቤት ውስጥ ይደረግ የነበረ ነው። የሾርባው ሳህን ክዳን አለው። ጥቂት ትቆይና ክዳኑን አንስታ ውስጡን ታያለች። ካላበው መንገደኛው በሕይወት አለ ማለት ነው። የትኩስ ሾርባ ክዳን ሁልጊዜ ያልበዋል። ይህንንም አልነገርኳትም።

ከጣሪያው ሥር ያለው የአምልኮ መደርደሪያችንም ፊቱ እንደተገለጠ ነበር። ሰው ሲሞት ነጭ ወረቀት ይለጠፍበታል። ጎረቤት ሊጠይቀን ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ወረቀት የለም። እንግዲህ ምን ይበል? «ሙቀቱ በረታ» ይላል፤ ሻዩን ይጠጣል፤ ይሄዳል።

ድርቅ ሲጠና ከተራራው የውሃ አምላክ ምንጭ አንድ የቀርከሃ ኮዳ ውሃ ተቀድቶ ይወርድና መንደሩ ቦይ ውስጥ ይፈስሳል። ኮዳው መንገድ ላይ መሬት ከነካ ዝናቡ እዚያው ይወርዳል ይባላል። የሚሄደው ቤት በተራ ነው። ተራው የእኛ ሆነ።

«ትሄጃለሽ» አለችኝ እናቴ።

«እነጎንዳ ይሂዱ። ከኛ ቀጥሎ እነሱ ናቸው።»

«ለምን ይሄዳሉ? እኛ ምን ሆነናል?»

የገበታውን ጠርዝ በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

«ንገሪኝ እንጂ! ምን ሆነናል?»

«ዝናብ ከመጣ ወንዙ ይሞላል፣ እማ። ፍለጋው ያበቃል።»

«ወንዙ ውስጥ ምን አለንና?» አለች። ክዳኑን አንስታ አየች። መልሳ ከደነችው። «ሽማግሌው ሲጠይቁሽ የለም በያቸው። ምንጩ ጋ ስትደርሺ ደግሞ የቤቱን ሰው ስም ጥሪ። የሦስታችንንም። እንዳትረሺ፤ አንቺ ድሮም ዕቃ መርሳት ልማድሽ ነው።»

ጎንዳ በነጋታው ጠዋት በትንሿ የጭነት መኪናው መጣ። ከሹንፔይ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ እንኳ እሑድ እሑድ ረጅም ዘንግ ይዞ የወንዙን ዳር ሲወጋ ይውላል።

«ግቢ፣ ሆላንዳዊት። በሩን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው፤ ካልሆነ ዳገቱ ላይ ትወርጂያለሽ።»

«ይሄ በር እስካሁን አልተሠራም?»

«ሹንፔይ ነው የሚሠራልኝ» አለ። «ስለዚህ አልተሠራም።»

መንደሩ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያወራው። ይሠራል፣ ይወዳል፣ ይስቃል። «ነበር» የምትለዋን ቃል አርባ አንድ ቀን ማንም አፉ ላይ አላመጣትም።

ዳገቱን ጀመርን። በግራ በኩል ወንዙ ቀጥኖ፣ ነጭ ድንጋዩ ወጥቶ ይታያል። ጎንዳ ወደዚያ ላለማየት ይመስላል ማውራቱን አላቆመም።

«እናንተ ዘንድ ድርቅ ሲመጣ ምን ይደረጋል?»

«ፓምፑን ያጠፋሉ።»

«እንዴት ነው ነገሩ?»

«አገሩ ከባሕር በታች ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃውን ወደ ውጭ ሲገፉ ነው የሚኖሩት። ሲደርቅ መግፋቱን ያቆማሉ።»

«እና አንቺ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ማባረር ተምረሽ ነው ውሃ አምጪ ተብለሽ የተላክሽው?» መሪውን በመዳፉ መታ። «አለቅን! ሩዛችን አለቀለት!»

ለመሳቅ ሞከርኩ። ፊቴ ተንቀሳቀሰ።

አንዱን ኩርባ ዞረ። ከዚያ «ከወንበሩ ጀርባ የኛ ቤት ኮዳም አለ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ናት ያስያዘችኝ። ምናልባት ብላ። አትቀየሚ።»

«አልተቀየምኩም» አልኩት። እውነቴን ነበር። መቀየም የሚችል ነገር በውስጤ ፈልጌ አላገኘሁም።

መኪናውን ደረጃው ሥር አቁመን በእግር ወጣን። ዝግባዎቹ ፀሐዩን ስለከለሉት ጥላው ቀዝቃዛ ነበር። በሩ ጥንታዊ ነው፤ ሁለት ምሰሶ፣ ላዩ ላይ ሁለት አግዳሚ፣ መዝጊያ የሌለው። አባባ ኢሶቤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በካርቶን ራሳቸውን ያራግባሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

«ያውቁኛል እኮ፣ አባባ። የሚኖዋ ቴሩዮ ልጅ፣ ቺካጌ።»

«አውቅሻለሁ። እንደማላውቅሽ ሆኜ ካልጠየቅሁ ጥያቄ አይሆንም። ቀጥነሻል። እዚያ አገር አይበላም?»

«ይበላል። ድንች።»

«ምስኪን» አሉ ከልባቸው። ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ቤታችሁ ለቅሶ አለ?»

ጎንዳ ከኋላዬ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«የለም» አልኩ።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አንዴ ነው የምጠይቀው» አሉ። «እለፊ።»

ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ምንም አልሆነም። መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ጥላውም ያው ጥላ። እጅ የሚታጠቡበት የድንጋይ ገንዳ ስለደረቀ አጠገቡ ጀሪካን አስቀምጠዋል። የውሃ አምላክ ደጅ ላይ ከመንደር በመኪና በመጣ ውሃ እጄን ታጠብኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ለሹንፔይ የምነግረው ቀልድ ይሆን ነበር።

ምንጩ ከመቅደሱ ጀርባ፣ ሽቅብ በሚወጣ ቀጭን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ብቻዬን ወጣሁ። ትልቅ ድንጋይ፣ ወገቡ ላይ የታሰረ የገለባ ገመድ፣ ከሥሩ ስንጥቅ። ልጅ ሆነን ስንመጣ ውሃው ከዚያ ስንጥቅ እንደ ክንድ ወፍሮ ይወጣ ነበር። አሁን ይንጠባጠባል። አንድ ጠብታ፤ ቆይቶ ሌላ።

በዚህ ነገር አምናለሁ? አላውቅም። ሆላንድ ሳለሁ አንዱ ቢጠይቀኝ የልማድ ነገር ነው ብዬ እስቅ ነበር። እዚህ ድንጋዩ ፊት ቆሜ መሳቅም ማመንም አልቻልኩም። የተላክሁትን ልጨርስ ብዬ ሁለቴ ሰገድኩ፣ ሁለቴ አጨበጨብኩ፤ እንደ ደንቡም ከየት እንደመጣሁና የቤቱን ሰዎች ስም ተናገርኩ።

«ከናሬሳዋ መንደር፣ የሚኖዋ ቤት። ሚኖዋ ቴሩዮ። ሚኖዋ ቺካጌ። ውሃ ልንለምን መጥተናል።»

አንዴ ሰገድኩ። የኮዳውን አፍ ከስንጥቁ ሥር ደግፌ ያዝኩ።

ጠብታ መቁጠር ጀመርኩ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ክንዴ ዛለ፤ እጅ ቀየርኩ። መቶ ሰባ አካባቢ ስደርስ ነው የገባኝ። የጠራሁት ሁለት ስም ነው።

እናቴ ትረሺያለሽ ብላኝ ነበር። ረስቼ ከሆነ አሁን ልጨምረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ሚኖዋ» አልኩ። ቀጣዩ ቃል አልመጣም። እንደገና ሞከርኩ። «ሚኖዋ።» ውሃው ጠብ አለ። የረሱት ስም ሲያስታውሱት ይወጣል። ይሄ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን አልወጣም። እዚህ የሚጠራው በሕይወት ያለ ሰው ስም ብቻ ነው።

ፓስፖርቴ ውስጥ ያለውን ወረቀት አሰብኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁትም፤ ከራሴም ደብቄ ልውል ሞክሬያለሁ። አፌ ግን ሳያማክረኝ ለድንጋይ ነገረው። ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። ቆየሁ፤ ጠበቅሁት። አልመጣም። መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ኮዳው ሲሞላ ክዳኑን ገጥሜ ወረድኩ።

ጎንዳና አባባ ኢሶቤ ከበሩ ማዶ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እየበሉ ስለ ሐብሐብ ይከራከራሉ።

«በድርቅ የበቀለ ሐብሐብ ነው የሚጣፍጠው» ይላል ጎንዳ።

«ጥርስ ላለው» ይላሉ ሽማግሌው።

«መጣች! በሁለት እጅሽ ያዢው ሆላንዳዊት። እዚህ ከጣልሽው ዝናቡ አባባ ኢሶቤ ራስ ላይ ነው የሚወርደው።»

«ይውረድ፤ ከታጠብኩ ሳምንቴ ነው።»

ከበሩ ወዲህ ቆምኩ። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

«አባባ ኢሶቤ» አልኩ። «ዋሽቻለሁ።»

ማኘካቸውን አቆሙ።

«ቤታችን ለቅሶ አለ።»

ጎንዳ ሩዙን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌው አፋቸውን ጠራርገው፣ ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እንደሚቆጡ ጠበቅሁ። በዚያው የደጅ ድምፃቸው «የማን?» አሉኝ።

«የወንድሜ» አልኩ። «የሹንፔይ። ሹንፔይ ሞቷል።»

ምንጩ ላይ እምቢ ያለኝ ስም እዚህ ወጣ። ምንም አላወከኝም። የአውቶቡስ ሰዓት የተናገርኩ ያህል ነበር።

«እንግዲያው በበሩ አትውጪ» አሉ። «በጎን ዙሪ። መንገድ አለው።»

ከቀኝ ምሰሶው አጠገብ ቁጥቋጦው መሐል በእግር የተረገጠ ቀጭን መንገድ ነበር። ልጅ ሆኜ የውሻ መንገድ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዞሬ ወጣሁ። ሽማግሌው ኮዳውን በጨርቅ ይዘው ተቀበሉኝ፤ ውሃውን ዝግባው ሥር አፈሰሱት፤ ከኪሳቸው የማንጻት ጨው አውጥተው ትከሻዬ ላይ በተኑብኝ።

«ከደጁ ከገባሁ በኋላ ነው የተናገርኩት» አልኩ። «ይቆጣል? አምላኩ?»

«እኔ እንጃ። ስድሳ ዓመት ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ውስጥ ምን እንደሚባል ሰምቼ አላውቅም።» ጨው የነካውን እጃቸውን አራገፉ። «አምሳው ቀን ከጠፋበት ቀን ከተቆጠረ ዘጠኝ ቀን ቀርቷችኋል። ከዛሬ ከተቆጠረ አምሳ። ይሄን እኔ አልወስንም፤ እናትሽን ጠይቂ።»

ጎንዳ ወደ መኪናው ወርዶ የእነሱን ቤት ኮዳ ይዞ ተመለሰ። በሩ ፊት ቆመ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«አባባ፣ አሁን ሩዝ አብረን በላን እኮ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የጎንዳ ቤት፣ የቶኪጂ ልጅ።»

«ቤታችሁ ለቅሶ አለ?»

ጎንዳ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። «ቤታችን...» አለና ቆመ። ኮዳውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «እኛ ቤት የለም።» አለፈ። ሽቅብ ሲወጣ ከጀርባው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቀናሁበት።

ሊወርድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ኮዳው ደረቱ ላይ ተጣብቋል። መኪናው ጋ ስንደርስ ነው ሁለታችንም አንድ ነገር ትዝ ያለን። እሱ ሊነዳ፣ እኔ ኮዳውን ልይዝ ነበር የመጣነው። አሁን እኔ መንካት አልችልም፤ እሱም ማስቀመጥ አይችልም።

«መንዳት ታውቂያለሽ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ብስክሌት ነው የነዳሁት።»

«የውሃ አምላክ ሆይ» አለ ወደ ተራራው ዞሮ፣ «ይህችንም እያት።»

ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየተንቀጠቀጥን ወረድን። ጎንዳ ኮዳውን አቅፎ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ይጮኻል። ፍሬኑ በረገጥኩት ቁጥር እንደ አሳማ ይጮኻል።

«ይሄን ድምፅ ሹንፔይ በጣም ይጠላው ነበር» አለ ጎንዳ።

ከዚያ በኋላ እስከ ድልድዩ ድረስ ፍሬኑን ላለመርገጥ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ።

የመንደሩ ሰው ቦዩ ዳር ተሰብስቦ ይጠብቃል። መኪናው ሲቆም መጀመሪያ የታየው መሪው ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ ከዚያ ኮዳውን ያቀፈው ጎንዳ ነው። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ጎንዳ ውሃውን ቦዩ ውስጥ ሲያፈስስ እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እናቴ ከሰዎቹ መሐል ነበረች። ስፈልጋት ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት።

ቤት ስገባ የምሳው ገበታ ቀርቧል። ሩዝ፣ ክዳን ያለው ሾርባ፣ ፕሪም። እናቴ ፊቱ ተንበርክካለች።

«በጎን ዞርሽ?» አለች።

«አዎ።»

«ስሙንስ ጠራሽ?»

«ምንጩ ላይ አልወጣልኝም። ደጁ ላይ ነው የተናገርኩት።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇ ወደ ክዳኑ ሄዶ ላዩ ላይ አረፈ፤ አላነሳችውም።

«አባባ ኢሶቤ፣ አምሳው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር እናትሽን ጠይቂ ብለውኛል።»

«ከዛሬ» አለች። «እስከ ትናንት እኮ ሾርባውን እየጠጣልኝ ነበር።» ቆየት ብላ «ነጩ ወረቀት ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱን መቁረጥ ይኖርብኛል ብዬ መቀስም ይዤ ነበር። አላስፈለገም። ለመደርደሪያው ፊት ልክ ተለክቶ ተቆርጧል። አራቱ ጫፎቹ ላይ ማጣበቂያ ፕላስተር ተደርጎበታል፤ ፕላስተሩ ጠርዝ ላይ የብዙ ቀን አቧራ ይዟል። ወረቀቱ የተቆረጠው ከእኔ ስሌት በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

ወንበር ላይ ወጥቼ ለጠፍኩት። አሮጌው ፕላስተር አልይዝ ስላለ በአዲስ ቀየርኩት። እናቴ የወንበሩን እግር ይዛልኝ ነበር። ስወርድ ወደ ገበታው ተመልሳ ክዳኑን አነሳች፤ ውስጡን ሳታይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ሾርባውን ራሷ ጠጣች።

«ቀዝቅዟል» አለች።

ደጅ ወጥቼ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር። ስልኬን አውጥቼ የሹንፔይን ገጽ ከፈትኩ። የመጨረሻው መልእክቱ ከዝናቡ ሁለት ቀን በፊት የተላከ ነው። «የአውሮፕላንሽን ቀን ቁረጪና ንገሪን፤ እማ ፍራሽሽን ፀሐይ ልታስመታው ነው።» ያኔ የመለስኩለት የአውራ ጣት ምልክት ነበር። ከሥሩ ጻፍኩ፤

«ዛሬ ቤታችን ለቅሶ አለ ብያለሁ። ውሸት ከሆነ ተቆጣኝ።»

ላክሁት።

በስድስተኛው ቀን ዘነበ። መንደሩ የጎንዳ ውሃ ነው አለ፤ ሬዲዮው ከባሕር የመጣ ደመና ነው አለ። ወንዙ ሞላ። ጎንዳ ዘንጉን አምጥቶ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፈው። እኔም በሄድኩበት ሁሉ ስልኬን እያወጣሁ መልእክቱን አያለሁ። ከጎኑ «ተነብቧል» የሚለው ምልክት እስከ ዛሬ አልወጣም።